ቴልማ የምታጠጣው ብረት

ቴልማ ራፈርቲ ብረት ታጠጣ ነበር። እውነቴን ነው። ጓሮዋ ውስጥ፣ ከውሃ ማጠራቀሚያው ሥር፣ መዳብ የተለበጠ ረጅም ዘንግ መሬት ውስጥ ተቀብሮ አናቱ ብቻ ብቅ ብሎ ይታያል። በየጠዋቱ ባልዲዋን ይዛ ትመጣና ሥሩ ላይ ቀስ አድርጋ ታፈሳለች፤ አፈሩ እስኪጠጣው ድረስ ቆማ ታየዋለች። ወደዚያ ብቅ የሚል ጎረቤት ሁሉ መኪናውን ቀስ ያደርግና ራሱን በመስኮት አውጥቶ፣

«ቴልማ! ፍሬ ያዘልሽ?» ይላታል።

«ይዟል፤ ላንተ ግን አልበሰለም። ሂድ!» ትላለች፤ ቀና ብላ እንኳ አታየውም።

እኔም ስቄባታለሁ። ሬይሊን እባላለሁ፤ ከባሌ ከኮል ጋር ከእሷ ቤት ቀጥሎ ነው የምንኖረው። ምላሴ ስለታም ነው ይሉኛል፤ ይበሉ። ቴልማን ግን ከማንም በላይ አውቃታለሁ፤ ስለዚህ የሷ ነገር መወራቱ ካልቀረ ከመጠጥ ቤት ወሬኛ ሁሉ እኔ እሻላለሁ።

የብለድውድ መንገድ ሰሜን አውስትራሊያ ካለችው ካትሪን ከተማ ወጥቶ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ቤቶቹ የተራራቁ ናቸው፤ የአንዱ ውሻ ቢጮህ ሌላው አይሰማም። የሚያገናኘን የስልክ ሽቦ ነው፤ በቀይ አፈርና በኩይሳ መሀል እየተጎተተ ከቤት ቤት ያልፋል። የመጨረሻው ቤት የቴልማ ነው። ከእሷ ወዲያ ድሮ አንድ የከብት ውሃ ጉድጓድና የቆርቆሮ ጎጆ ነበር፤ ጎጆው ፈርሷል፣ ሽቦውም ተቆርጧል። ከእሷ ወዲያ ማንም የለም። ይሄን ልብ በሉልኝ።

ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ባሉት ሳምንታት ሰማዩ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በምሥራቅ በኩል ይከመራል። ይጠቁራል፣ ያጉረመርማል፣ ግን አይዘንብም። ሸሚዝ ከጀርባ ላይ ይጣበቃል፣ ማንጎው ዛፉ ላይ እንዳለ ይበሰብሳል፣ ሰው ከገዛ ጥላው ጋር ይጣላል። የማንጎ እብደት እንለዋለን። ኮል በዚያ ወቅት ብዙም አያናግረኝም፤ ሲያናግረኝም ባይናገር ይሻል ነበር። መብረቁ የሚመጣው ያኔ ነው። መብረቅ ደግሞ ረጅም ሽቦ ይወዳል።

ታዲያ በመንገዳችን አንድ ደንብ አለ። ደመናውን ቀድሞ የሚያየው የመጨረሻው ቤት ነው። እዚያ ያለው ሰው ወደሚቀጥለው ቤት ይደውላል፤ ሁለት ጊዜ ሲጮህ ይዘጋል። የተደወለለት ሰው አያነሳም። እሱም በተራው ወደ ቀጣዩ ቤት ሁለቴ ይደውልና ይዘጋል። እንዲህ እየተቀባበለ እስከ ከተማው ዳር ይደርሳል። ሰላምታ የለም፣ ወሬ የለም። ሁለት ጥሪ ማለት «መጣ፤ ከስልኩ ራቁ» ማለት ነው። ልጆቻችን ስማቸውን ከማወቃቸው በፊት ይሄን ያውቃሉ።

ደንቡን የጀመረው የቴልማ ባል ክላሪ ነው። ያኔ ጉድጓዱ ጋ ያለው ጎጆ ስልክ ነበረው፤ ክላሪ የውሃውን ሞተር ሊያይ ሲሄድ ደመናውን ከሁሉም ቀድሞ ያየውና ወደ ቤቱ ሁለቴ ደውሎ ይዘጋል። ቴልማ እጇ ሊጥ ሆኖም ቢሆን ከስልኩ ትርቃለች። ልጃቸው ራስል ደግሞ «አባዬ ነው! አባዬ ነው!» እያለ ውሻውን አቅፎ ጠረጴዛ ሥር ይገባል። ነጎድጓዱ አልፎ አባቱ በር ላይ እስኪቆም ድረስ ከዚያ አይወጣም ነበር።

ያ ልጅ አድጎ ከአባቱ ጋር ተጣላ። በፈረስ ነው የተጣሉት፤ አባትየው የልጁን ፈረስ ሳይጠይቀው ሸጠበት። ሞኝነት ነው፤ ግን የሁለቱም አንገት ደረቅ ነበር። ራስል ሻንጣውን አንጠልጥሎ ደቡብ ጫፍ ካለችው ደሴት፣ ታዝማኒያ ድረስ ሄደ። ከአገር ሳይወጡ ከዚያ በላይ መራቅ አይቻልም። እዚያ ጀልባ እየጠገነ ኖረ፤ ለረጅም ጊዜም ድምፁ ጠፋ።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ደመናው የቴልማ ቤት ላይ ቆሞ ሳለ፣ ስልኩ ጮኸ። ሁለቴ ጮኾ አልቆመም፤ መጮሁን ቀጠለ። ክላሪ ደንቡን ያወጣው ሰው ነው፤ ግን አባትም ነው። አነሳው። «ራስል? ቆይ፣ ቆይ፣ እናትህን ልጥራልህ!» ሲል ቴልማ ልብስ ከምታሰጣበት ሰማችው። በሩጫ መጣች። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ደጃፉ ላይ ስትደርስ መብረቁ በሽቦው ገባ።

ክላሪ ጆሮው ላይ እንደያዘው ወደቀ። ራስል በዚያኛው ጫፍ አንድ ፍንዳታ ሰማ፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልሰማም።

ለቀብሩ መጥቶ ነበር። ከኋላ ቆመ፤ እናቱን አቀፋት፤ «እኔ ነኝ የገደልኩት» አላትና በማግስቱ ሄደ። ቴልማ ስንት ጊዜ አስረዳችው! የሚሰማ ጆሮ አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ቤት ስልክ ደውሎ አያውቅም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? እሱ ግን የፈራው ለራሱ አልነበረም።

ያ ጥቁር ስልክ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ቀረ። ቴልማ አዲስ ነጭ ስልክ ሌላኛው ክፍል አስገባች፤ ጥቁሩን ግን ማንም እንዲያነሳው አልፈቀደችም። ሽቦውን በጉጠት የቆረጠው ኮል ራሱ ነው። እንዲያም ሆኖ፣ ደመናው ገና ከአድማስ በታች ሳለ፣ ያ ስልክ አንድ ጊዜ «ቅጭል» ይላል። ትንሽ ድምፅ ነች፤ ማንኪያ ብርጭቆ እንደነካ ያህል። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ሻዬን ጭኔ ላይ ደፋሁት።

ኮል ለሁሉም ነገር ማብራሪያ አለው። «መሬት ውስጥ የቀረ አሮጌ ሽቦ አለ» አለ። «የሩቅ መብረቅ ይነካካውና ደወሉ ይንቀጠቀጣል። ሌላ ምንም አይደለም።»

«ምንም ካልሆነ» አለችው ቴልማ «ቆብህን ለምን አወለቅህ?»

ኮል ቆቡን እጁ ላይ አየው። መቼ እንዳወለቀው አላወቀም ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ኮምፒዩተር መንገዳችን ድረስ መጣ፤ ከኮምፒዩተሩ ጋር ሞደም። ሳሙና የምታህል ሣጥን ናት፤ አንዱ ገመዷ ኮምፒዩተሩ ላይ፣ ሌላው ስልኩ መስመር ላይ ይሰካል። ስትደውል እንደታነቀ ዶሮ ትጮሃለች። ቴልማ ከሁላችን ቀድማ ገዛች። በስድሳ ምናምን ዓመቷ በአንድ ጣት መጻፍ ተማረች፤ ምክንያቱም ራስል በስልክ አያወራም እንጂ ይጽፋል። «እማ፣ ዛሬ በረዶ ጣለ። ድመቷ ወለደች።» ይሄው ነው። እሷ ግን ለሻይ ስሄድ ስለ ድመቷ ስታወራልኝ ታመሻለች። የሰው ልጅ ስለወለደች ድመት እንዲያ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም።

የመጀመሪያው ዓመት ጉድ ሆንን። ደመናው መጣ፤ ቴልማ ሁለቴ ደወለች፤ ሁላችንም ደንቡን አከበርን። ከስልኩ ራቅን፤ ማንም አልነካም። ማንም ግን ሞደሙን አልነቀለም! የክላሪ ደንብ «አትንኩ» እንጂ «ንቀሉ» አይልም ነበር፤ እኛም እንደተባልነው እጃችንን አጣጥፈን ተቀመጥን። መብረቁ በሽቦው ሄዶ የመንገዱን ሞደሞች በሙሉ አቃጠላቸው። ከተማ ያለው ሻጭ ወረፋ ይዘን ሲያየን በሳቅ ሊሞት ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጥሪ ማለት «ንቀሉ» ማለት ሆነ።

ለእኛ ሳቅ ነበር። ቴልማ አዲስ ሞደም እስኪመጣላት ግን ለራስል መልስ መስጠት አልቻለችም። አንድ ጠዋት የኛ ስልክ ጮኸ፤ ሳነሳው የሚንቀጠቀጥ የወንድ ድምፅ ነው።

«ሬይሊን፣ እማ አለች?»

«አለች፤ አሁን ዶሮዎቿን ስትሰድብ ትቻት መጣሁ። ሞደሟ ተቃጥሎ ነው።»

ሲያለቅስ ሰማሁት። ጎልማሳ ሰው ነው እኮ! የእናቱ ዝምታ ምን እንደሚያደርገው ያኔ ገባኝ። ለቴልማ ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺን ሞደም እንደ አራስ ልጅ መጠበቅ ያዘች። ሞደሟ ዳግመኛ ከተቃጠለች ልጇ አባቱን ብቻ ሳይሆን እናቱንም ገደልኩ ሊል ነው።

ኮል ገመዱ ከውጭ በሚገባበት ግድግዳ ላይ የመብረቅ መከላከያ ሣጥን ገጠመላት። ሣጥኑ የያዘውን ወደ መሬት የሚያወርድ ዘንግ ደግሞ መቀበር ነበረበት፤ መሬቱ ግን በዚያ ወቅት ሸክላ ነው። ደረቅ አፈር መብረቅ አይቀበልም። ጓሮው ውስጥ ለስላሳ የነበረው ከማጠራቀሚያው ሥር ያለው ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ የክላሪ አስከሬን ተቃጥሎ አመዱ ተቀብሯል። ኮል መዶሻውን እንደያዘ ቆመ።

«ምታው» አለችው ቴልማ።

«ቴልማ፣ ሌላ ቦታ እንፈልግ...»

«ምታው አልኩህ! አንድ ጊዜ ገድሎታል፤ ሁለተኛ ምን ያመጣበታል? ከእንግዲህ ሥራው ይሄ ነው። የልጁን መልእክት ይጠብቅ።»

ኮል መታው። ሲጨርስ አንድ ነገር ነገራት፦ «ይሄ ሣጥን ትንሹን ይውጥልሻል። ትልቁ የመጣ ቀን ግን ሣጥኑንም የምታዪውንም ሁሉ ይዞ ነው የሚሄደው። ያን ጊዜ የሚያድንሽ ከግድግዳው የተነቀለ ገመድ ብቻ ነው።» እሷም ሁለቴ በደወለች ቁጥር ገመዱን ነቅላ፣ ሞደሙን በክላሪ የክረምት ሸሚዝ ጠቅልላ አልጋዋ ላይ ታስተኛዋለች። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ዘንጉን ታጠጣለች። እንግዲህ የምንስቅበት ይሄ ነው።

ከዚያ የማንጎ እብደት በበረታበት አንድ ቅዳሜ እኛ ደጃፍ ስትሮጥ ደረሰች፤ ቴልማ አትሮጥም ነበር።

«ሊደውል ነው!» አለችኝ። «ራስል። ነገ አስር ሰዓት ላይ።»

«በስልክ?»

«በስልክ። ድምፅሽን ልስማ አለኝ። ሬይሊን፣ "ካላነሳሽው ሁለተኛ አልሞክረውም፤ ራሴን አውቀዋለሁ" ብሎኛል።»

«አስር ሰዓት? በዚህ ወቅት? አብዷል እንዴ! ጠዋት ያድርገው ብለሽ ጻፊለት።»

«ከጠየቅኩት ይሸሻል።»

«ይሽሽ! ደመናው በዚያ ሰዓት እንደሚመጣ አንቺ አይደለሽ እንዴ ለመንገዱ ሁሉ የምትናገሪው?»

«ምናልባት ነገ አይመጣም» አለች። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል፤ ይሄን ከእኔ በላይ እሷ ታውቀዋለች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በምሥራቅ በኩል ወይን ጠጅ መሰለ። ኮረላ የምንላቸው ነጫጭ ወፎች በአንድ ጊዜ ተነስተው ሄዱ። እኔ ስልኩን እያየሁ ሁለቱን ጥሪ እጠብቃለሁ፤ አልመጣም። ነጎድጓዱ ተሰማ፤ አሁንም የለም። ቴልማ ሳትደውል ቀርታ አታውቅም። እየተሳደብኩ እኔው ለቀጣዩ ቤት ሁለቴ ደወልኩ፣ ኮልን «ንቀል!» አልኩትና መኪናዬን አስነስቼ ወደ እሷ በረርኩ።

ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ ከነጩ ስልክ አጠገብ ተቀምጣለች። ሞደሙ እንደተሰካ ነው። ሁለቱም ግድግዳው ላይ ከአንድ መሰኪያ ነው የሚገቡት፤ እሷ ደግሞ ወንበሯን አስጠግታ መሰኪያውን ከልላዋለች።

«ተነሺ» አልኳት። «ልንቀለው።»

«እንዳትነኪው።»

«ቴልማ፣ ሰማዩን አየሽው?»

«አይቼዋለሁ። አስር ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። አንስቼ "አለሁ" ልለው ነው፤ ከዚያ እዘጋለሁ። አንድ ቃል ነች።»

«ክላሪም አንድ ቃል ነበር የፈለገው!»

ይሄን በማለቴ አላፈርኩም፤ እውነት ነው። እሷ ግን አልተቆጣችም። «ክላሪ ያነሳው ለእኔ ነው» አለች በዝግታ። «እኔን ሊጠራልኝ። ትንሽ ቀድሜ ደርሼ ቢሆን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ አታስፈራሪኝ። የእኔን ተራ ነው የምጠብቀው።»

«አንቺ ከሞትሽ እኮ ያ ልጅ ሁለታችሁንም ገደልኩ ይላል! ለሱ ብለሽ ተነሺ!»

«ካላነሳሁት ደግሞ ለሁልጊዜም አጣዋለሁ። የቱ ይሻለዋል? ንገሪኛ፣ ብልህ ነሽ አይደል?»

እጇን ይዤ ጎተትኳት፤ አሮጊት ናት ብዬ ነበር፤ እንደ ችካል ተተክላለች። በዚህ መሀል ቤቱ ጨለመ። ጣሪያው ላይ የምትጮኸው እንሽላሊት ዝም አለች። ውጭ ያሉት እንቁራሪቶች ዝም አሉ። የእጄ ፀጉር አንድ በአንድ ቆመ፤ አፌ ውስጥ የሳንቲም ጣዕም መጣ። ከወጥ ቤት «ቅጭል» አለ፤ ጥቁሩ ስልክ። ቴልማ ነጩ ስልክ ላይ እጇን አሳረፈች። አስር ሰዓት ሆነ።

ስልክ ጮኸ።

ነጩ አልነበረም። ከወጥ ቤት ነው፤ ከጥቁሩ። ቅጭል አይደለም፤ ሙሉ ጥሪ፣ ረጅም፣ ድሮ እንደሚጮኸው፣ ግድግዳው እስኪነዝር። ቆመ። ደግሞ ጮኸ። ከዚያ ተዘጋ።

በበሩ በኩል ይታየኛል። ጆሮ ላይ የሚደረገው እንደተሰቀለ ነው፤ ኮል የቆረጠው ሽቦ በአየር ላይ ተንጠልጥሏል። የቴልማን እጅ ለቀቅኩ።

ቴልማ ግን አላሰበችም። ከእሷ ወዲያ ማንም የለም፤ ለእሷ ሁለቴ የሚደውል ሰው ከሞተ ቆይቷል። እጇ ግን ዕድሜዋን ሙሉ የለመደውን አደረገ። ዞር ብላ መሰኪያውን ከግድግዳው ነቀለችው፤ ሞደሙን ወደ ደረቷ ሰብስባ ከወንበሩ ተነሳች።

ያኔ መታ። ድምፁን አልሰማሁትም፤ ነጭ ነገር ብቻ ነው ያየሁት። ከመሰኪያው ቀዳዳ ሰማያዊ ምላስ ወጥቶ ቴልማ ተቀምጣበት የነበረውን ወንበር ላሰው። ከዚያ የተቃጠለ ቀለም ሽታ፣ የተቃጠለ አፈር ሽታ፣ ከዚያም ለወራት የጠበቅነው ዝናብ እንደ ጠጠር ጣሪያው ላይ ወረደ።

«ሬይሊን» አለች ቴልማ በጨለማው ውስጥ። «ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያው አላበድኩም» አለችና ማልቀስ ጀመረች።

የመከላከያው ሣጥን ግድግዳው ላይ ፈንድቷል። ነጩ ስልክ ሞቷል፤ መስመሩም ሞቷል። ወጥቼ ከማጠራቀሚያው ሥር ሳይ ዘንጉ ዙሪያውን አፈሩ ይጨሳል፤ ያ ሁሉ ዝናብ እየወረደበት ደርቋል። ብዙም አልቆየሁም እዚያ።

«አሁን ደውሎ ይሆናል» አለች ቴልማ ስመለስ። «ደውሎ ዝም ያለ መስመር ሰምቶ ይሆናል። ሬይሊን፣ ልጄ ልክ እንደዚያን ቀን...» አልጨረሰችውም። ሞደሙን እቅፏ ውስጥ እያገላበጠች አየችው። አልተቃጠለም፤ ሙቀቱም የደረቷ ነው። ከኮምፒዩተሩ ጋር በብርድ ልብስ ጠቀለልነው፣ በመኪናዬ ጭነን በጎርፉ መሀል እኛ ቤት ደረስን። ሰማዩ እስኪጸዳ ኮል እንዲሰካ አልፈቀደም፤ እሱ ልክ ነው፤ እኔ ግን በዚያ ምሽት ብገድለው ደስ ይለኝ ነበር። ቴልማ ቀዝቃዛ ሻይዋን እያየች ተቀመጠች። ነጎድጓዱ ሲርቅ ሰካነው። ያቺ ትንሽ ሣጥን እንደታነቀ ዶሮ ጮኸች፤ እንደዚያን ቀን የጣመኝ ድምፅ የለም። ቴልማ በአንድ ጣቷ አንድ ቃል ጻፈች፦ «አለሁ።»

መልስ አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። ቴልማ እኛ ወጥ ቤት ተቀምጣ ከስክሪኑ ላይ ዓይኗን አልነቅልም አለች፤ የቀረበላትን አትበላም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ቀይ አቧራ የለበሰች የኪራይ መኪና ደጃችን ቆመች። ሽበታም ሰው ወረደ። ቴልማ በመስኮት አየችው፤ ከወንበሯ መነሳት አቃታት፤ እሱ ነው መጥቶ እግሯ ሥር የተንበረከከው።

«መልእክቴ ደረሰህ?» አለችው ፀጉሩን ይዛ።

«ደርሶኛል። ያን ጊዜ ሻንጣዬን እያሰርኩ ነበር።»

«አልደወልክም?»

ራስል ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ ነገረን። ስልኩን ፊቱ አስቀምጦ ነበር፤ ሰዓቱ ደረሰ፤ ሊያነሳው እጁን ሲዘረጋ ስልኩ ራሱ ጮኸ። ሁለት ጊዜ። ከዚያ ተዘጋ።

«የኛ ሰማይ ጥርት ያለ ነበር» አለ። «ደመና የለም፣ ምንም የለም። ከተማው ውስጥ ያንን ጥሪ የሚያውቅ ሰው የለም። ታውቂያለሽ ምን እንዳደረግኩ? በዚህ ዕድሜዬ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ። ድመቷን አቅፌ ጠረጴዛ ሥር ቁጭ አልኩ። "አባዬ ነው" እያልኩ።»

ኮልን አየሁት። ለሁሉም ነገር ማብራሪያ ያለው ባሌ አጥሩ የተሰበረ መሆኑ ትዝ አለኝ ብሎ ወጣ።

ራስል ወደ ታዝማኒያ አልተመለሰም፤ ድመቷን ብቻ አስመጣ። በመጀመሪያው ጠዋት እናቱ ባልዲዋን ስታነሳ ተቀበላት፤ ከዚያ ወዲህ ዘንጉን የሚያጠጣው እሱ ሆነ። ሲያጠጣ ያወራል ይላሉ፤ ምን እንደሚል አልጠየቅኩም፤ ስለ ፈረስ ይመስለኛል። ቴልማ ጥቂት ዓመታት ከልጇ ጋር ኖራ በእንቅልፏ ሞተች። አሁን እሷም ከማጠራቀሚያው ሥር ናት።

የመጨረሻው ቤት ሰው እንግዲህ ራስል ነው። በማንጎ እብደት ወቅት በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ጥሪ ከእሱ ይመጣል፤ እኔም ሁለቴ አሳልፋለሁ፣ እነቅላለሁ። አንድም ቀን አዘግይቶ አያውቅም። ባለፈው ዓመት ግን ዳቦ ይዤለት ስሄድ ከጓሮ ባለው የቆርቆሮ ሥራ ክፍሉ ውስጥ ጀልባ ሲፍቅ አገኘሁት። መስኮት የለውም፤ በሩ ወደ ምዕራብ ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ጆሮ ያደነቁራል።

«እዚህ ውስጥ ሆነህ ደመናውን እንዴት ታየዋለህ?» አልኩት።

«አላየውም።»

«ታዲያ በምን ታውቃለህ?»

ማሽኑን አጠፋና አቧራውን ከፊቱ ጠረገ። «ይደወልልኛል» አለ፤ ሰዓት እንደጠየቅኩት ሁሉ በተራ ድምፅ። ከመሥሪያ ጠረጴዛው በላይ፣ ሽቦው ተቆርጦ እንደተንጠለጠለ፣ ጥቁሩ ስልክ ተሰቅሏል።

ቤት ስገባ ለኮል ነገርኩት። ማብራሪያውን ጠበቅኩ። እሱ ቀስ ብሎ ቆቡን አወለቀ።